ከአለቃ ጋር መኖር፣ አለቃን መልቀቅ፦ ከድሬዳዋ የደመወዝ ሥራ ታሪክ

የድሬዳዋ ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው በባቡሩ መምጣት፣ በንግዱ መድራትና በሕዝቡ ስብጥር በኩል ሲሆን፣ ከተማዋ በኢትዮጵያ ዘመናዊው የደመወዝ ሥራ ቀድሞ ሥር ከሰደደባቸው ቦታዎች አንዷ መሆኗ የሚገባውን ያህል ትኩረት አላገኘም። የደመወዝ ሥራ ሲባል፣ ሰው ጉልበቱንና ሙያውን በተወሰነ ሰዓትና በተወሰነ ክፍያ ለድርጅት የሚሰጥበት፣ የዕለት ኑሮውም ከርስት ወይም ከቤተ ዘመድ ይልቅ በአንድ አለቃ ፊርማ ላይ የሚመሠረትበት ግንኙነት ማለት ነው። ይህ ግንኙነት በተተከለበት ቦታ ሁሉ አለቃው ክፉ በሆነ ጊዜ ሠራተኛው ይቻለው፣ ይናገረው ወይስ ትቶት ይሂድ የሚለው ጥያቄ አብሮ ይነሣል። የድሬዳዋ ታሪክ እንደሚያሳየው፣ ለዚህ ጥያቄ የተሰጠውን መልስ የወሰነው የሠራተኛው ትዕግሥት ወይም ቁጣ ብቻ አልነበረም፤ ሕጉ የማንን አቤቱታ ይሰማ እንደነበር፣ የሚኖርበት ቤት የማን እንደነበር፣ ሙያውን ከአንድ ድርጅት ውጪ የሚፈልገው ሰው መኖር አለመኖሩና ከጎኑ የሚቆም የሥራ ባልደረባ ማግኘት አለማግኘቱ ከጠባዩ ይልቅ ይመዝኑ ነበር።

ጥያቄው በእርግጥ ከባቡሩ ይቀድማል። በቀድሞው የኢትዮጵያ ሥርዓት ሎሌ፣ ማለትም ለመኳንንት አድሮ የሚያገለግል ሰው፣ ከጌታው ጋር የሚተሳሰረው በጽሑፍ ውል ሳይሆን በሚበላው ማዕድ፣ በሚለብሰው ልብስና አንዳንዴም በሚሰጠው መሬት ነበር። ጌታ ለማግኘት ደጅ መጥናት ነበረበት፤ ደጅ መጥናት ማለት በመኳንንቱ ደጃፍ ጠዋት ማታ እየቆሙ እስኪታዩና እስኪታዘዙ ድረስ በትዕግሥት መጠበቅ ነው። ጌታው ንፉግ ወይም ግፈኛ የሆነበት ሎሌ ሌላ ጌታ ፍለጋ መሄዱ ግን ብርቅ አልነበረም፤ የመኳንንት ክብር በተከታዮቻቸው ብዛት ይለካ ስለነበር፣ ሎሌዎቹ እየተዉት የሚሄዱበት ጌታ ስሙ ይጎድፍ ነበር። በቤት አገልግሎት የሚቀጠረው አሽከር ግን ዋስ እንዲጠራ ይጠየቃል። ዋስ ማለት አሽከሩ ቢጠፋ ወይም ንብረት ቢያጎድል በእርሱ ፈንታ የሚጠየቅ ሰው ስለሆነ፣ ክፉ ጌታን ጥሎ መጥፋት ወንድምን ወይም የአገር ልጅን ለዳኛ አሳልፎ እንደ መስጠት ይቆጠር ነበር። ዋስ የመጥራቱ ልማድ ከባቡሩ ዘመን ተሻግሮ እስከ ዛሬው ቅጥር መዝለቁ፣ ሥራ የመልቀቅ ውሳኔ በኢትዮጵያ የግለሰቡ ብቻ ሆኖ እንደማያውቅ ያመለክታል።

ይህን ልማድ ከአዲስ ዓይነት አሠሪ ጋር ያገናኘው ባቡሩ ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም ለስዊዘርላንዳዊው አማካሪያቸው ለአልፍሬድ ኢልግ በሰጡት ፈቃድ መነሻነት ኢልግና ፈረንሳዊው ሊዮን ሸፍኔ ኩባንያ አቋቁመው ግንባታው በ1890 ዓ.ም ከጅቡቲ ተጀመረ። የመጀመሪያው እቅድ ሐዲዱን በሐረር በኩል ማሳለፍ ቢሆንም ተራራውን መውጣት የሚጠይቀው ወጪ ከባድ ሆኖ ስለተገኘ፣ መስመሩ ከተራራው ግርጌ ባለው ሜዳ በኩል እንዲያልፍ ተወሰነና ባቡሩ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም ዛሬ ድሬዳዋ ከምትባለው፣ በመጀመሪያ አዲስ ሐረር ተብላ ከተሰየመችው ስፍራ ደረሰ። ከዚያ በኋላ የኩባንያው ካዝና በመራቆቱና በፈረንሳይ፣ በእንግሊዝና በጣሊያን መካከል በነበረው ፉክክር ምክንያት ሥራው ለዓመታት ስለቆመ፣ ድሬዳዋ የመስመሩ መጨረሻ ሆና ቆየች፤ ለከተማዋ ፈጥኖ ማደግም ይህ መዘግየት ትልቅ ምክንያት ሆኗል። የመጀመሪያው ኩባንያ ከስሮ በ1900 ዓ.ም በፍራንኮ ኢትዮጵያ የምድር ባቡር ኩባንያ ከተተካ በኋላ ግንባታው ቀጥሎ ሐዲዱ በ1909 ዓ.ም አዲስ አበባ ገባ። የመስመሩ ጠቅላላ ርዝመት 784 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ከጅቡቲ 310 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ድሬዳዋ የኩባንያው የሥራ ማዕከልና የትልቁ አትልየ፣ ማለትም ባቡሮችና ፉርጎዎች የሚጠገኑበት የሥራ ቤት፣ መቀመጫ ሆነች።

ከተማዋ በደቻቱ፣ ክረምት ሲመጣ ብቻ በሚሞላው ደረቅ ወንዝ፣ ለሁለት ተከፍላለች። በአንድ በኩል ቀጥ ያሉ ጎዳናዎችና ጥላ ዛፎች ያሉት፣ ፈረንሳውያኑ በፕላን የሠሩት ከዚራ ሲገኝ፣ በሌላው በኩል የንግዱ ሰፈር መጋላ አለ። ይህ የሰፈር ልዩነት የሥራ ልዩነትም ነበር። ሕዝቡ ሸሚንደፈር እያለ የሚጠራው የባቡር ድርጅት ቋሚ ሠራተኞቹን በከዚራ ዙሪያ ሲያሰባስብ፣ መጋላ ደግሞ ሸክም፣ ንግድ፣ የዕለት ሥራና ከጅቡቲ የሚመጣ ሸቀጥ የሚገኝበት ነበር። በሸሚንደፈር ውስጥ የሥራው ቋንቋ ፈረንሳይኛ ስለነበር ትእዛዙ፣ ደብተሩና የማስጠንቀቂያ ደብዳቤው ሁሉ የሚጻፈው በዚያው ቋንቋ ነው። ከላይ ያለውን የአስተዳደርና የምህንድስና ቦታ ፈረንሳውያን ሲይዙ፣ በመካከለኛው የሙያ ደረጃ ግሪኮች፣ አርመኖችና ጣሊያኖች በብዛት ይገኙ ነበር፤ ኢትዮጵያውያን፣ ሶማሌዎችና ዐረቦች በአብዛኛው ከእነዚህ በታች ተመድበው ይሠሩ ነበር። ስለዚህ ለአንድ የአትልየ ሠራተኛ አለቃ ማለት የሥራ የበላይ ብቻ ሳይሆን፣ የሌላ አገር ሰው፣ የሌላ ቋንቋ ተናጋሪና ከዚህ በታች እንደሚታየው በሌላ ሕግ የሚዳኝ ሰው ነበር።

በጥር 1900 ዓ.ም ኢትዮጵያና ፈረንሳይ የተፈራረሙት፣ በፈረንሳዊው መልእክተኛ ስም የክሎቡኮውስኪ ውል ተብሎ የሚታወቀው ስምምነት በድሬዳዋ የአለቃና የሠራተኛ ታሪክ ውስጥ ከሚገመተው በላይ ቦታ አለው። በውሉ መሠረት በፈረንሳውያን መካከል የሚነሣ ክርክር በኢትዮጵያ ዳኛ ፊት አይቀርብም ነበር፤ ክርክሩ በፈረንሳዊና በኢትዮጵያዊ መካከል ሲሆን ኢትዮጵያዊ ዳኛ የፈረንሳይ ቆንስል ወኪል በተገኘበት ያየዋል፤ ውሳኔው የሚሰጠውም በተከሳሹ አገር ሕግ ነው። ይህ የተከሳሹን ሕግ የመከተል ደንብ ሲነበብ ለሁለቱም ወገን እኩል ይመስላል፤ በሥራ ቦታ ግን ከሳሽ የሚሆነው ደመወዙ የተቆረጠበት፣ የተሰደበው ወይም ያለ ምክንያት የተባረረው ሠራተኛ ስለሆነ፣ ደንቡ በተግባር ኢትዮጵያዊው ሠራተኛ በገዛ አገሩ ከአለቃው ጋር የሚካሰሰው በማያውቀው ሕግና ቆንስሉ በተቀመጠበት ችሎት ነው ማለት ነበር። እንዲህ ባለ ሁኔታ የተናጠል አቤቱታ ተስፋው አነስተኛ ስለነበር፣ ለሠራተኛው በግልጽ የቀሩለት መንገዶች መቻልና መልቀቅ ነበሩ። ውሉ በጣሊያን ወረራ ምክንያት ቀሪ እስከሆነበት ጊዜ ድረስ አንድ ሙሉ የሠራተኛ ትውልድ በዚህ ሥርዓት ሥር አልፏል።

ሆኖም መልቀቅም ቢሆን ለሁሉ እኩል ክፍት አልነበረም። የመጋላ ወዛደር፣ ማለትም በጉልበቱ በቀን ሥራ የሚያድር ሠራተኛ፣ ነጋዴው ቢያጉላላው በማግስቱ ወደ ሌላ ነጋዴ በር ይሄዳል፤ ከዚያም አልፎ የጫት ንግዱ፣ ወደ ጅቡቲና ወደ ሐረር የሚደረገው ምልልስና ከባቡር መስመሩ ጋር ያደገው የኮንትሮባንድ ንግድ የሚያስጠጉት በሮች ነበሩ። የሸሚንደፈር ባለሙያ ግን የባቡር ሞተር ለመፍታትና ለመግጠም፣ ምልክት ለመስጠት ወይም ሐዲድ ለመቀየር ያጠፋው ዘመን ከዚያ ድርጅት ውጪ ገዢ የለውም፤ በአገሪቱ በዚያ ደረጃ የሚቀጥረው ሌላ የባቡር ኩባንያ በቅርብ አልነበረም። የድርጅቱ ቤት፣ ያለ ክፍያ የሚሳፈርበት ቲኬትና ሌላው ጥቅማ ጥቅም ደግሞ ከደመወዙ ጋር የተሳሰሩ ስለነበሩ፣ ሥራውን የሚለቅ ሰው ቤቱን፣ ጎረቤቱንና እድሩን ጭምር ይለቃል። አለቃው ሠራተኛውን ሳያባርር የሚቀጣበት መንገድም ነበረው፦ ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ በሚወስደው መስመር ላይ እንደ አዲጋላና አይሻ ባሉ የበረሃ ጣቢያዎች መመደብ፣ ሙቀቱንና የቤተሰብ መለያየቱን ላወቀ ሰው፣ በደብዳቤ ላይ ዝውውር ተብሎ ቢጻፍም ክብደቱ የቅጣት ነው። የጣቢያ ኃላፊው ሸፍ ደ ጋር ይባል ስለነበር፣ በእንዲህ ያለ ጣቢያ የእርሱ ጠባይ የመላው ጣቢያ ኑሮ ነበር፤ ሠራተኛው ከእርሱ ሸሽቶ የሚሄድበት ሌላ ክፍል፣ ሌላ ፈረቃ ወይም ሌላ ሰፈር በዙሪያው የለም።

የምጣኔ ሀብት ሊቁ አልበርት ሂርሽማን እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሰዎች ያልተመቻቸውን ድርጅት የሚይዙባቸውን መንገዶች መውጣት፣ ድምፅ ማሰማትና ታማኝነት ብሎ ከፍሎ አጥንቷቸዋል። የመጽሐፉ መነሻ ከሆኑት ነገሮች አንዱ የናይጄሪያ ባቡር መሆኑ ለድሬዳዋ አንባቢ ልዩ ትርጉም አለው፤ ሂርሽማን እንዳስተዋለው፣ የናይጄሪያ ባቡር አገልግሎቱ እየደከመ ሳለ ያልታረመበት አንዱ ምክንያት፣ ቅር የተሰኙትና የመናገር አቅም የነበራቸው ደንበኞች ከመጮህ ይልቅ ጭነታቸውን ወደ መኪና ማዛወር በመቻላቸው ነበር። እርሱ ስለ ደንበኞች የጻፈውን ወደ ሠራተኞች ማዞር ጥንቃቄ ቢጠይቅም፣ የድሬዳዋ ሁኔታ የዚያው ሐሳብ ሌላ ገጽታ ሆኖ ይገኛል። መውጫው ሰፊ የሆነለት የመጋላ ሠራተኛ በደሉን ይዞ ወደ ሌላ በር ሲሄድ፣ መውጫው የጠበበበት የሸሚንደፈር ሠራተኛ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ መናገርን ተማረ። በኢትዮጵያ ቀደምት ከሆኑት የሠራተኛ ማኅበራት አንዱ ከባቡር ሠራተኞች መካከል መነሣቱ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው ማለት ይቻላል፤ ባቡረኞቹ ከሌላው ሠራተኛ የበለጠ ደፋር ስለነበሩ ነው የሚለው ማብራሪያ ግን ብቻውን አያጠግብም።

ማኅበሩ ቅርጽ የያዘው ከጣሊያን መባረር በኋላ ባሉት ዓመታት ነው። በወረራው ዘመን ከተማዋ የሲሚንቶና የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተተክሎላት ስለነበር የደመወዝ ሠራተኛው ቁጥር ከባቡሩ ክልል ወጥቶ አድጎ ነበር። ከነጻነት በኋላ መንግሥት በ1936 ዓ.ም ስለ ፋብሪካዎች ያወጣው አዋጅ ቁጥር 58 በዋናነት የሥራ ቦታን ደኅንነት የሚመለከት ስለነበር፣ ሠራተኞች ተደራጅተው ከአሠሪያቸው ጋር የሚደራደሩበትን መብት አልሰጠም። በ1930ዎቹ መጨረሻና በ1940ዎቹ መባቻ ግን የባቡር ሠራተኞቹ፣ በፈረንሳይኛው ስም ሲንዲካ ተብሎ በሚጠራ ማኅበር ተሰባስበው ጥያቄ ማቅረብና ሥራ ማቆም ጀመሩ፤ አድማቸውም በመንግሥት ኃይል ተጨፈለቀ። መንግሥት የአንድ የውጭ ኩባንያ ሠራተኞች ያነሡትን የሥራ ጥያቄ የጸጥታ ጉዳይ አድርጎ መመልከቱ በጊዜው የተለመደ ቢሆንም፣ የፈጸመው ነገር በደል እንደነበር በግልጽ መነገር አለበት፤ ሠራተኞቹ የጠየቁት ሥልጣን ሳይሆን በሰው ደንብ መዳኘትን ነበር።

በዚያው ዘመን ሌሎች የአፍሪካ ባቡረኞች ያደረጉት ትግል የድሬዳዋውን ሁኔታ በተሻለ ብርሃን ያሳያል። በፈረንሳይ ምዕራብ አፍሪካ የዳካርና የኒጄር መስመር ሠራተኞች እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 1947 እስከ መጋቢት 1948 ድረስ ሥራ አቁመው፣ ለአፍሪካውያንና ለአውሮፓውያን ሠራተኞች አንድ ወጥ የደረጃ ሥርዓት እንዲወጣ ጠይቀዋል። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1952 ለቅኝ ግዛቶቿ ያወጣችው የሥራ ሕግም የማኅበር መብትን፣ የ40 ሰዓት የሥራ ሳምንትንና የዓመት ዕረፍትን ደነገገ፤ ጅቡቲም በዚያን ጊዜ የፈረንሳይ ግዛት ስለነበረች ሕጉ የሚመለከታት ነበረች። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። በአንድ ሐዲድ ላይ፣ በአንድ ኩባንያ ሥር፣ ምናልባትም ባንድ ባቡር ላይ እየተቀባበሉ የሚሠሩ ሰዎች ድንበሩን ሲያልፉ ከአንድ ሕግ ወደ ሌላ ሕግ፣ እንዲያውም የመደራጀት መብት በሕግ ከተደነገገበት ወዳልተደነገገበት ይሻገሩ ነበር ማለት ነው፤ ነጻነቷን ጠብቃ በኖረችው አገር ያለው ሠራተኛ በቅኝ ግዛት ካለው ባልደረባው ያነሰ የመደራጀት መብት ነበረው። የነጻ አገር ክብር ወደ ሥራ ቤቱ በር ሳይደርስ እንደሚቀር ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ማስረጃ በኢትዮጵያ የሠራተኛ ታሪክ ውስጥ ማግኘት ያስቸግራል።

ሕጉ ወደ ሠራተኛው የቀረበው ደረጃ በደረጃ ነው። በ1948 ዓ.ም የተሻሻለው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 47 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በፈለገው ሙያ የመሰማራትና ለዚሁም በሕግ መሠረት ማኅበር የማቋቋም መብት እንዳለው አወጀ። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ ከቁጥር 2512 ጀምሮ ስለ ሥራ ውል በዝርዝር በመደንገጉ፣ አሠሪና ሠራተኛ ጊዜው ያልተወሰነ ውልን በማስጠንቀቂያ ሊያቋርጡት እንደሚችሉ፣ በቂ ምክንያት ሲኖርም ያለ ማስጠንቀቂያ መለያየት እንደሚቻል በጽሑፍ ሰፈረ። በዚያው ዓመት ኢትዮጵያና ፈረንሳይ ባደረጉት ስምምነት የባቡር ኩባንያው ዋና መሥሪያ ቤት ከፓሪስ ወደ አዲስ አበባ ተዛውሮ ድርጅቱ በኢትዮጵያ ሕግ የሚተዳደር ሆነ። በእነዚህ ለውጦች፣ ለሸሚንደፈር ሠራተኛ የቆንስሉ ጥላ ከችሎቱ ከተነሣ በኋላ፣ የኩባንያው አመራርም ራሱ ወደ አገር ቤት መጣለት።

የመደራጀት መብት በተግባር የተከፈተው ግን በ1954 ዓ.ም ማብቂያ በወጣው ድንጋጌ ቁጥር 49ና እርሱን በተካው በ1956 ዓ.ም በወጣው የሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 210 ነው። በእነዚህ ሕጎች መሠረት 50 ወይም ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ድርጅት ሠራተኞች ማኅበር ማቋቋም፣ ከአሠሪው ጋር የጋራ ስምምነት መደራደርና ሳይስማሙ ሲቀሩ ጉዳያቸውን ለሠራተኛ ጉዳይ ቦርድ ማቅረብ ቻሉ። በሚያዝያ 1955 ዓ.ም የኢትዮጵያ ሠራተኛ አንድነት ማኅበር፣ በአጭሩ ኢሠአማ፣ ሲመሠረት፣ ባቡር ሠራተኞች ቀድመው ያካበቱት ልምድ ለአገር አቀፉ እንቅስቃሴ ስንቅ ሆኗል።

የጋራ ስምምነት፣ ማለትም ማኅበሩና አሠሪው ስለ ደመወዝ፣ ስለ ሰዓት፣ ስለ ዕድገትና ስለ ቅጣት በጽሑፍ የሚዋዋሉት ውል፣ በአለቃና በሠራተኛ ግንኙነት ላይ ያመጣው ለውጥ ከደመወዝ ጭማሪው ይልቅ ይጠልቃል። ከዚያ በፊት ካቦው፣ ማለትም የአንድን የሥራ ቡድን በቅርብ የሚቆጣጠረው አለቃ፣ ዘገየህ ብሎ የቀን ደመወዝ ሲቆርጥ ወይም አጉረመረምክ ብሎ ዕድገት ሲከለክል፣ የበደሉ መጠን የሚወሰነው በራሱ በካቦው ነበር። የጋራ ስምምነት ባለበት ግን ጥፋትና ቅጣት በቁጥር ስለሚዘረዘሩ፣ ሠራተኛው ቅጣቱ ከተጻፈው ቁጥር ውጪ መሆኑን እያመለከተ ማኅበሩን ይዞ መከራከር ይችላል፤ ክርክሩም አንተ ክፉ ነህ ከማለት ይልቅ ይህን ያደረግኸው ያለ ደንብ ነው ወደ ማለት ይሸጋገራል። በኢትዮጵያ ባህል አለቃን ፊት ለፊት ክፉ ማለት ነውርም አደጋም ስለሆነ፣ ደንብ ጠቅሶ መናገር መቻል ለሠራተኛው ትልቅ መሸሸጊያ ነበር። በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በፈረቃ የሚሠሩት ሴቶች ሳይቀሩ፣ የሌሊቱን ፈረቃ ማን እንደሚደርሰው የሚወስነው የካቦው ፈቃድ ሳይሆን ተራ እንዲሆን መጠየቅ የሚችሉት እንዲህ ያለ ሰነድ ሲኖር ነው። ይሁንና አዋጁ የቤት ሠራተኞችን ከወሰኑ ውጪ ስለተወ፣ በከዚራና በመጋላ ቤቶች የሚያገለግሉት ሴቶች ከዚህ ሁሉ አልደረሳቸውም።

ከየካቲት 28 እስከ መጋቢት 2 ቀን 1966 ዓ.ም ኢሠአማ የጠራው በኢትዮጵያ የመጀመሪያው አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ ሲካሄድ፣ የሠራተኛው ድምፅ ከአንድ ድርጅት ግቢ ወጥቶ በአገሪቱ ሁሉ ተሰማ። በአብዮቱ ወቅት ግን ነገሩ ወደ ሌላ አቅጣጫ አመራ፤ ደርግ ኢሠአማን አፍርሶ በምትኩ መላው የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበርን፣ መኢሠማን፣ ሲያቋቁም፣ በ1968 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 64 ሠራተኛን ከሥራ ማባረርን ለአሠሪው አስቸጋሪ ቢያደርገውም፣ አሠሪው ራሱ መንግሥት እየሆነ በመሄዱ ማኅበሩና አለቃው በአንድ ጥላ ሥር ገቡ። ሰው ከሥራው እንዳይባረር መጠበቁ መልካም ነገር ነበር፤ በአለቃው ላይ ሲናገር ፀረ አብዮት ተብሎ ሊፈረጅ በሚችልበት ዘመን ግን ጥበቃው ዋጋው ጎድሎ ነበር። በነሐሴ 1969 ዓ.ም የሶማሊያ ጦር በድሬዳዋ ላይ ያደረገው ጥቃት ቢመከትም፣ በጦርነቱ ድልድዮች በመፍረሳቸው ባቡሩ ለብዙ ወራት ቆመ፤ ጅቡቲም በ1969 ዓ.ም ነጻ ስለወጣች ኩባንያው ከጥቂት ዓመታት በኋላ የሁለቱ መንግሥታት የጋራ ድርጅት ሆነ።

ከደርግ በኋላ የወጣው የ1985 ዓ.ም የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 42 ነጻ ማኅበርንና የሥራ ማቆም መብትን መልሶ ሲፈቅድ፣ ባቡርን እጅግ አስፈላጊ የሕዝብ አገልግሎት ከሚባሉት ጎራ መድቦ ሠራተኞቹን ከሥራ ማቆም ከለከለ። በአገሪቱ ሥራ ማቆምን ቀድመው ካስተዋወቁት መካከል የሚቆጠሩት ሠራተኞች በሕግ ይህን መብት ያጡት፣ ለሌሎች በተመለሰበት በዚያው አዋጅ ነው። በ1996 ዓ.ም በወጣው አዋጅ ቁጥር 377 ዝርዝሩ ሲያጥር ባቡር ከዚያ ወጣ፤ ያን ጊዜ ግን መስመሩ በጥገና እጦት ተዳክሞ ነበር፤ በ2000ዎቹ መጀመሪያ የድሬዳዋና የአዲስ አበባ መስመር አገልግሎት ቆመ። ማቆም የሚችሉት ሥራ እየሟሟ በሄደበት ወቅት የተመለሰ የማቆም መብት የሚያስደስት አይደለም።

ዛሬ በሥራ ላይ ያለው የ2011 ዓ.ም አዋጅ ቁጥር 1156 ነው። በእርሱ መሠረት ሠራተኛ ምንም ምክንያት ሳይጠቅስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ በመስጠት ሥራውን መልቀቅ ይችላል። አሠሪው ሰብአዊ ክብሩንና ሞራሉን የሚነካ ወይም በወንጀል ሕግ የሚያስቀጣ ድርጊት ከፈጸመበት፣ ጾታዊ ትንኮሳ ወይም ጥቃት ከደረሰበት፣ ደኅንነቱን የሚያሰጋ አደጋ እያለ አሠሪው እርምጃ ሳይወስድ ከቀረ ወይም መሠረታዊ ግዴታዎቹን በተደጋጋሚ ካልተወጣ ደግሞ ሠራተኛው ያለ ማስጠንቀቂያ መልቀቅ ይችላል፤ ይህን መብቱን ግን በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ መጠቀም አለበት። ቢያንስ አምስት ዓመት ያገለገለና ከሥልጠና ጋር የተያያዘ ግዴታ የሌለበት ሠራተኛ በራሱ ፈቃድ ሲለቅም የሥራ ስንብት ክፍያ ያገኛል፤ ክፍያው ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ሲሆን ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት አንድ ሦስተኛው እየታከለበት ከ12 ወር ደመወዝ ሳይበልጥ ይሰላል። የአገልግሎት ምስክር ወረቀት መስጠትም የአሠሪው ግዴታ ነው። እነዚህ ድንጋጌዎች ከክሎቡኮውስኪ ውል ዘመን ጋር ሲነጻጸሩ የተጓዙት ርቀት ሰፊ ነው፤ ክፉ አለቃ ሠራተኛውን በማዋረዱ ብቻ ውሉን የሚያፈርሰው እርሱ ራሱ እንደሆነ ሕጉ ተቀብሏል። ብዙ ሠራተኛ ግን መብቱን ሳያውቅ በቁጣ ሥራውን ጥሎ ይወጣና ማስጠንቀቂያ ባለመስጠቱ ባለዕዳ ሆኖ ይገኛል፤ ሌላውም ስድቡን ለዓመታት ችሎ በመጨረሻ ሲለቅ የ15 ቀኑ ጊዜ ያልፈበታል።

ሕጉ ካልመለሰው ጥያቄ አንዱ የታማኝነት ነገር ነው። ባቡሩ እየደከመ በሄደባቸው ዓመታት በድሬዳዋ አትልየ ውስጥ የቀሩት አሮጌ ባለሙያዎች፣ መለዋወጫ ሲጠፋ ራሳቸው እየቀረጹ፣ ከአባታቸው የወረሱትን ሙያ ላለማቋረጥ ሲሉ ቆይተዋል። ይህን በመውጫ ማጣት ብቻ መተርጎም ሰዎቹን ማሳነስ ይሆናል፤ የአለቃው ክፋት የአለቃው ነው፣ ሥራው ግን የእነርሱ ነበር። በአንጻሩ በ2009 ዓ.ም መጀመሪያ የተመረቀው አዲሱ የአዲስ አበባና የጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር በቻይና ኩባንያዎች ሥራ አመራር ሲጀመር፣ የሌላ አገር አለቃ፣ የሌላ ቋንቋ ትእዛዝና የሙያ ደረጃ ክፍፍል የሚሉት አሮጌ ጥያቄዎች በአዲስ መልክ ተመልሰዋል። በነሐሴ 2014 ዓ.ም በከተማዋ የተከፈተው ነጻ የንግድ ቀጣና የሚቀጥራቸው ወጣቶችም ከዚሁ ጥያቄ ጋር መገናኘታቸው አይቀርም።

የቤት ሠራተኞች ግን በ1156ም ቢሆን ከአዋጁ ውጪ ናቸው፤ ሁኔታቸው ራሱን በቻለ ደንብ እንዲወሰን ለሚኒስትሮች ምክር ቤት ተትቷል። በከተማዋ ብዙ ሴቶች የሚሠሩበት ሥራ፣ አለቃዋ ከቤት ወደ ቤት የሚለያይበትና ለመቀጠር ዛሬም ዋስ የሚጠራበት ሥራ፣ በሠራተኛ ሕጉ ገና ያልተዳኘ መሆኑ አሳፋሪ ነው።

የዚህ ታሪክ ትልቁ ክፍተት ከማስረጃው አቀማመጥ የመጣ ነው። አቤት ያሉት ሠራተኞች ማመልከቻ፣ የማኅበር ቃለ ጉባኤና የቦርድ ውሳኔ ትተው አልፈዋል፤ ክፉ አለቃን ችለው ጡረታ የወጡት ደግሞ በማኅደራቸው ውስጥ የአገልግሎት ዘመን ቁጥር ትተዋል፤ ጥለው የሄዱት ግን ከአንድ ቃል፣ «ለቀቀ» ከሚለው በቀር ምንም አልተዉም። ለምን እንደ ለቀቁ፣ ወዴት እንደሄዱና ከሄዱ በኋላ ኑሯቸው ተሻሽሎ እንደሆነ የሚያውቁት ራሳቸውና በድሬዳዋ ዛሬም በሕይወት ያሉ ጡረተኛ ባቡረኞች፣ የፋብሪካ ሠራተኞችና የቤት ሠራተኞች ናቸው። የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ፣ የሠራተኛ ማኅበራትና የከተማዋ አስተዳደር የእነዚህን ሰዎች ቃል በድምፅና በጽሑፍ መቅዳት፣ የአሮጌውን ባቡር ድርጅት የሠራተኛ ማኅደሮችም ከእርጥበትና ከምስጥ ጠብቀው ለተመራማሪ መክፈት ይኖርባቸዋል፤ ሰዎቹ እያረጁ ስለሆነ ሥራው ሊዘገይ አይገባም።